ከቴሌግራም ሊንኩ በኋላ፦ የክፍል ቴክኖሎጂ ለተማሪው ምን ይሠራለታል?

መስከረም ላይ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ፣ ከካዛንቺስ እስከ ሜክሲኮ ልጁን ያስመዘገበ ወላጅ ከደረሰኙ ጋር የቴሌግራም ሊንክ ይዞ ይወጣል። አንዳንዱ ትምህርት ቤት የጎግል ክላስሩም ኮድ ይጨምርበታል፤ ሌላው ደግሞ የራሱን አፕ አውርዱ ይላል። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ነገሩ የግል ትምህርት ቤቶች ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ልጃቸውን በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ወላጆችም “ልጄ ኮምፒውተር ሳይነካ ፈተናው ቢደርስ ምን ይውጠዋል?” እያሉ ነው።

ስጋቱ ተገቢ ነው። ችግሩ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ተደባልቀው መወራታቸው ነው። ወላጅ አንዱን ገዝቶ ሌላውን ይጠብቃል፤ መምህርም አንዱን እየሠራ በሌላው ይመዘናል። ስለዚህ መጀመሪያ እንለያቸው።

የክፍል ቴክኖሎጂ ሲባል ምኑ ነው?

አንደኛው ሥራ ማደራጀት ነው። የቤት ሥራው ምንድን ነው፣ መቼ ነው የሚገባው፣ ዎርክሺቱ የት ተቀመጠ፣ ማን አስረከበ፣ ማን ቀረ? እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጎግል ክላስሩምና ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ የተለመደው ሙድል በዋናነት የተሠሩት ለዚህ ነው። መምህሩ አንድ ዎርክሺት ሲልክ ለተማሪዎቹ ሁሉ ያደርሳሉ፤ ተማሪው ሲጨርስም መልሰው በአንድ ቦታ ይሰበስባሉ።

ሁለተኛው ማለማመድ ነው። አንኪ፣ ኩዊዝሌት፣ ካን አካዳሚ ተማሪውን እየጠየቁ ያሠሩታል። ሦስተኛው ለመምህሩ ምላሽ ማምጣት ነው፤ ያስተማረው ገብቷል ወይስ አልገባም የሚለውን ፈተና እስኪደርስ ሳይጠብቅ እዚያው ክፍል ውስጥ እንዲያውቅ ማድረግ። ካሁትና ፕሊከርስ የሚባሉት እዚህ ይመደባሉ።

ፕሮጀክተርና ስማርት ቦርድ ከሦስቱ የትኛው ናቸው? በራሳቸው የትኛውንም አይደሉም። ማሳያ ናቸው። ለምዝገባ የመጣ ወላጅ ዓይን ቀድሞ የሚያርፍባቸው እነሱ ቢሆኑም፣ ልጁ በእነሱ ፊት ተቀምጦ ምንም ሳያስብ ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ይችላል።

ቴሌግራም እያለ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

ኮሮና በገባ ጊዜ፣ መጋቢት 2012 ላይ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ የአዲስ አበባ መምህራን እጃቸው ላይ የነበረውን አነሡ፤ ቴሌግራምን። ምርጫው ትክክል ነበር። በደካማ ኔትወርክ ይሠራል፣ ትልልቅ ፋይል ያሳልፋል፣ የተላከው ነገር በስልኩ ብቻ ሳይሆን በቴሌግራም ማከማቻ ስለሚቀመጥ ስልክ ቢጠፋ እንኳ በዚያው ቁጥር ሲገቡ ሁሉም ይገኛል።

ግን ቴሌግራም የተሠራው ለወሬ ነው። መምህሯ ጠዋት የላከችው የሒሳብ ዎርክሺት እስከ ማታ በ80 መልእክት ሥር ይቀበራል፤ “እሺ ሚስ”፣ “ሚስ ገጽ ስንት ነው?”፣ “እናመሰግናለን”፣ የበዓል መልካም ምኞት፣ የጠፋ ሹራብ ፎቶ። ሰኞ የታመመ ልጅ ረቡዕ ሲመለስ ያመለጠውን ለማግኘት ይህን ሁሉ ወደ ላይ መግፋት አለበት።

ትምህርት ቤቱ ሌላ አፕ ባይገዛም ይህን ማስተካከል ይቻላል። ቻናልና ግሩፕ ይለያያሉ፦ ቻናል ላይ የሚጽፈው አስተዳዳሪው ብቻ ነው፣ ግሩፕ ላይ ሁሉም ይጽፋል። የቤት ሥራ በቻናል ወጥቶ ጥያቄና ውይይት በግሩፕ ቢሆን ግማሹ ግርግር ይጠፋል። እያንዳንዱ የቤት ሥራ ላይ #ሒሳብ፣ #አማርኛ፣ #ባዮሎጂ ተብሎ ቢጻፍ ምልክቱን መንካት ብቻ የዚያን ትምህርት መልእክቶች ለይቶ ያመጣል። የሳምንቱ ዝርዝር ደግሞ ፒን ተደርጎ አናት ላይ ይቀመጣል። ይህን ለመሥራት አንድ ሰው ሥርዓቱን አውጥቶ መጠበቅ አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለውም እሱ ነው።

ቴሌግራም የማይችለው አንድ ነገር አለ። ማን እንዳላስረከበ አይነግርም። ክላስሩም ላይ ተማሪው ገና ያልሠራው፣ ያለፈበትና የጨረሰው ተለይቶ ይታየዋል፤ መምህሩም ያላስረከቡትን በአንድ እይታ ያያል። 50 ደብተር ለሚሰበስብ መምህር ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

“ተማሪውን ያደራጃል” ማለት ምን ማለት ነው?

የሰው አእምሮ በአንድ ጊዜ ይዞ ሊያሠራቸው የሚችላቸው አዳዲስ ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አራት ገደማ ይላሉ። አራት ስኒ ብቻ የሚይዝ ትንሽ ረከቦት አድርገን እናስበው። አምስተኛውን ለማስቀመጥ አንዱ መነሣት አለበት። ልጁ “የእንግሊዝኛው መቼ ነበር? ዎርክሺቱን የት አደረግሁት? ሚስ ስለ ፕሮጀክቱ ምን አለች?” እያለ ከተቀመጠ ረከቦቱ ሞልቷል፤ ለሒሳቡ ቦታ የለም። ጥሩ የማደራጃ መሣሪያ እነዚህን ስኒዎች አንሥቶ ሌላ ቦታ ያስቀምጥለታል። ያስተምረዋል ማለት አይደለም። ለመማር ቦታ ይለቅለታል።

ይህ የሚሆነው ግን መሣሪያውን የያዘው ልጁ ከሆነ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ግሩፑ ያለው በእናቱ ስልክ ነው። እናት በሥራ ቦታ መልእክቱን ታያለች፣ ማታ “ነገ የሳይንስ ቴስት አለብህ” ትላለች፣ ዎርክሺቱን ታች ካለው ፎቶኮፒ ቤት አሳትማ ትመጣለች። የተደራጀችው እናት ናት። ልጁ የራሱን ሥራ መከታተል የሚለማመድበት ዕድል ከኮሙኒኬሽን ቡክ ዘመን ይልቅ ቀንሷል፤ ያኔ ቢያንስ ሰሌዳው ላይ ያለውን በእጁ ገልብጦ ይመጣ ነበር።

መፍትሔው ለልጁ ስልክ መግዛት አይደለም። እሑድ ማታ የእናትን ስልክ ተቀብሎ ቻናሉን ራሱ እንዲያነብ፣ የሳምንቱን ሥራ በቀን በቀን ከፍሎ ወረቀት ላይ ራሱ እንዲጽፍ፣ ወረቀቱም የሚያጠናበት ቦታ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ማድረግ ይቻላል። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። ከአራተኛ ክፍል በላይ ያለ ልጅ በደንብ ይችለዋል፤ መጀመሪያ ላይ ቢረሳና ቢሳሳትም ይሁን፣ መልመጃው እሱ ነው።

ልጁ “በሰዓቱ ልኬያለሁ” ሲል ሲስተሙ “ዘግይቷል” የሚለው ለምንድን ነው?

ይህ ጥቃቅን የሚመስል ግን ማርክ የሚያስቀንስ ጉዳይ ነው። ጎግል ክላስሩም ላይ መምህሩ ቀን ብቻ መርጦ ሰዓት ካልሞላ፣ ሲስተሙ የማስረከቢያውን ጊዜ በራሱ 11:59 ፒኤም ያደርገዋል። ይህ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5፡59 ነው። ልጁ ግን 11፡59ን ሲያይ የሚታየው ሊነጋጋ ሲል ያለው ሰዓት ሊሆን ይችላል። “ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥቼ እጨርሰዋለሁ” ብሎ ይተኛል። ሲነሣ ሥራው ላይ “ዘግይቷል” የሚል ምልክት ተለጥፏል፤ ጊዜው ካለፈ አራት ሰዓት ሆኖታል።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ኦክቶበር 15 የእኛ ጥቅምት 5 ነው። ወሩን በአማርኛ አስቦ ቁጥሩን ከስክሪኑ የወሰደ ልጅ አሥር ቀን ተሳስቷል ማለት ነው። መምህሩ በአርእስቱ ላይ “እስከ ረቡዕ ጥቅምት 5፣ ማታ 2 ሰዓት” ብሎ በቃላት ቢጽፍና ሲስተሙ ላይም 8:00 ፒኤምን ቢሞላ ጉዳዩ ያልቃል። የቀኑ ስም ዋናው ነው፤ ረቡዕ በሁለቱም አቆጣጠር ረቡዕ ነው።

እሺ ተደራጀ፤ ትምህርቱንስ ይይዘዋል?

ዎርክሺቱ በፒዲኤፍ መምጣቱ ልጁን አያስተምረውም፤ በወረቀት ቢመጣም ያው ነበር። ለመማሩ ወሳኙ ልጁ በመሣሪያው ምን እየሠራ ነው የሚለው ነው። እዚህ ላይ ምርምሩ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየና ጠንካራ ነው።

ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 በራሱ ላይ ያደረገውን ሙከራ አሳተመ። ትርጉም የሌላቸው ድምፆችን በቃሉ እያጠና፣ ከሰዓታትና ከቀናት በኋላ ስንቱ እንደቀረለት ለካ። ያገኘው ነገር መርሳት በእኩል ፍጥነት እንደማይሄድ ነው፤ ከፍተኛው መጠን የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ለፈተና ዋዜማ አንድ ሌሊት ሙሉ ያጠና ተማሪ ከሳምንት በኋላ ባዶ እጁን የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ሙከራ ደግሞ እያንዳንዱ አስጠኚ ሊያውቀው የሚገባ ነው። ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ አነበቡ። ከፊሉ ጽሑፉን ደግመው አነበቡ፤ ሌሎቹ ጽሑፉን ዘግተው የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ፤ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ተገለበጠ። ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ ሲያስታውሱ፣ ዘግተው የጻፉት 56 በመቶ አስታወሱ። ይበልጥ የሚያሳስበው ደግሞ ደጋግመው ያነበቡት “በደንብ ይዘነዋል” የሚል እምነታቸው ከሌሎቹ የበለጠ መሆኑ ነው። ገጹ ሲለመድ የገባን ይመስለናል። ደብተሩን በማድመቂያ እስክሪብቶ ቢጫ አድርጎ አራት ጊዜ ያነበበ ልጅ “አጥንቻለሁ” ሲል እየዋሸ አይደለም።

የአብነት ተማሪ ያጠናውን በየኔታ ፊት በቃሉ ሲያሰማ፣ ሲሳሳት እዚያው ሲታረም፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ሲያልፍ የኖረው በዚሁ መንገድ ነው። ከአእምሮ አውጥቶ ማሰማት፣ ወዲያው መታረም፣ ቆይቶ መደገም። ሽምደዳ የምንለው ሳይረዱ መያዝን ነው፤ የተረዱትን ከአእምሮ ጎትቶ ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። “ኦስሞሲስ ለምን ይከሰታል? በራስህ አባባል አስረዳ” የሚል ጥያቄ የሽምደዳ ጥያቄ አይደለም።

አንኪ የሚባለው ነፃ የአንድሮይድ አፕ የሚሠራው ይህንን ነው። ካርድ ያሳያል፣ መልሱን ለራስህ ትላለህ፣ ትገለብጣለህ፣ ማወቅህንና አለማወቅህን ትነግረዋለህ። ያወቅኸውን አርቆ፣ ያላወቅኸውን አቅርቦ ይመልስልሃል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ በአንዱ በኩል የእንግሊዝኛውን ቃል በሌላው በኩል የአማርኛ ማብራሪያውን የያዘ ካርድ ለብዙ ተማሪ ከሁሉ በፊት የሚጠቅም ይመስለኛል። ካርዱን ልጁ ራሱ ቢሠራው ይሻላል፤ ምን ተብሎ መጠየቅ እንዳለበት ማሰቡ ራሱ ጥናት ነው።

ስልክ ከሌለስ? ይህ ዘዴ ከስልክ በፊት የነበረ ነው። ጋዜጠኛው ዜባስቲያን ላይትነር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስተዋወቀው በወረቀት ካርድና በሣጥን ነበር። የጫማ ካርቶን በሦስት ይከፈላል። አዲስ ካርድ የመጀመሪያው ክፍል ይገባና በየቀኑ ይጠየቃል። ከተመለሰ ሁለተኛው ክፍል ይሄዳል፣ በሦስት ቀን አንዴ ይጠየቃል። ከዚያም ከተመለሰ ሦስተኛው ጋ በሳምንት አንዴ። የተሳሳተ ካርድ፣ የትም ይሁን የት፣ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ወጪው ጥቂት ወረቀትና መቀስ ነው።

50 እና 60 ልጅ ባለበት፣ ስልክም በማይገባበት ክፍልስ?

ብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ስልክ ይዞ እንዳይገባ ይከለክላሉ። የዩኔስኮ የ2023 የዓለም ትምህርት ሪፖርትም ስልክ ትኩረት እንደሚሰርቅ አስጠንቅቋል። ደግነቱ መምህሩ ክፍሉን ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ስልክ ብቻ ነው፤ የራሱ።

ፕሊከርስ የሚሠራው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ጥቁር ቅርጽ የታተመበት ወረቀት ይይዛል። የቅርጹ አራት ጎኖች በትንንሽ ፊደል ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ተብለዋል። መምህሩ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ተማሪው የመረጠውን መልስ ወደ ላይ አዙሮ ካርዱን ያነሣል። መምህሩ ከፊት ቆሞ የስልኩን ካሜራ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያሻግራል። ስልኩ የእያንዳንዱን ካርድ ቁጥርና አቅጣጫ አንብቦ፣ ማን ምን እንደመለሰ በስም ያወጣል። ቅርጾቹ ሁሉ ስለሚለያዩና ፊደሎቹም ትንንሽ ስለሆኑ ከጎረቤት መኮረጅ ያስቸግራል። ካርዱ አንዴ ታትሞ ዓመቱን ሙሉ ያገለግላል፤ በፕላስቲክ አይሸፈን፣ ነጸብራቁ ካሜራውን ይረብሸዋል።

ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው። “ገባችሁ?” ተብለው ሲጠየቁ 55 ልጆች “አዎ ቲቸር!” ይላሉ። ካርዱ ግን 30ው ቢን እንደመረጡ ያሳያል፤ መልሱ ሲ ነው። መምህሩ አሁን ሁለት ነገር ያውቃል፤ እንዳልገባቸውና የት ጋ እንደተሳሳቱ። ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ከማለፉ በፊት ይመለሳል። ካርድ ማሳተም ካልተቻለ ደግሞ ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ከአንድ እስከ አራት ጣት ደረታቸው ላይ ቢያሳዩ መምህሩ ስም በስም ባይመዘግብም የክፍሉን ሁኔታ ያያል።

ይህን በፕላዝማ ከተማረ ትውልድ በላይ የሚረዳው የለም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተተከለው ፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርቱን በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ ለአገሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት ያስተላልፍ ነበር። ዝግጅቱ ብዙ የተለፋበት ነበር፤ የላቦራቶሪ ዕቃ ያልነበረው ትምህርት ቤት ሙከራ የሚያየው በእሱ ነበር። ግን ማቆም አይቻልም። ጥያቄ ይጠይቃል፣ ደቂቃው ይቆጠራል፣ ክፍሉ ቢገባውም ባይገባውም ያልፋል። መምህሩ በቀሩት ደቂቃዎች ያመለጠውን ለማሳደድ ይሯሯጣል። ከክፍሉ ወደ አስተማሪው የሚመለስ ምንም ነገር አልነበረም። ዛሬ የተቀረጸ ቪዲዮ ልኮ “ትምህርቱ ተሰጥቷል” የሚል አሠራርም ያው ጉድለት አለበት፤ ልጁ ቢያንስ ማቆምና መመለስ መቻሉ ሳይዘነጋ።

መብራት ሲጠፋ፣ ፓኬጁ ሲያልቅስ?

ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ አማራጮች አሉ። አንኪ ካርዶቹ ከገቡለት በኋላ ዳታ አይፈልግም። ኪዊክስ የሚባለው አፕ ዊኪፔዲያን ስልክ ላይ ጭኖ ያለ ኔትወርክ ያስነብባል። ትምህርት ቤት ደግሞ ኮሊብሪ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር በአንድ ኮምፒውተር ላይ ቢጭን የካን አካዳሚ ቪዲዮዎችንና መልመጃዎችን ጨምሮ ብዙ ትምህርት በግቢው ዋይፋይ ብቻ፣ ወደ ውጭ ሳይወጣ ያከፋፍላል። ለኢንተርኔትና ለጸጥታ ቦታ የሚፈልግ ተማሪ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለለት።

ለመምህራን አንድ ምክር፦ የሦስት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ከሦስት ደቂቃ ቪዲዮ በብዙ እጥፍ ያነሰ ዳታ ይበላል። ሰሌዳ ማየት ካላስፈለገ ድምፅ ይበቃል።

ኤአይ የቤት ሥራውን ቢሠራለትስ?

መለኪያው ያው ነው፤ እያሰበ ያለው ማን ነው? ልጁ ጥያቄውን ፎቶ አንሥቶ መልሱን ከገለበጠ ኩረጃው ከጓደኛ ደብተር ወደ ስልክ ተዛወረ እንጂ የተማረው የለም። ራሱ ከሠራ በኋላ “የት ላይ ተሳሳትኩ?” ብሎ ከጠየቀ፣ ወይም “በዚህ ምዕራፍ አሥር ጥያቄ ጠይቀኝ፣ መልሱን ቀድመህ አትንገረኝ” ካለ ግን ጥሩ አስጠኚ ያገኛል። መልሱን ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር ማመሳከር ግዴታ ነው፤ እነዚህ ፕሮግራሞች የተሳሳተውንም በልበ ሙሉነት ይናገራሉ፣ በአማርኛ ሲጠየቁ ደግሞ ይበልጥ ሊሳሳቱ ይችላሉ።

የልጄ ስም፣ ፎቶና ውጤትስ የት ይሄዳል?

ኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አላት፤ ቁጥር 1321/2016። የክፍሉን ሁሉ ውጤት ከነስሙ ፎቶ አንሥቶ 100 ሰው ያለበት ግሩፕ ላይ መለጠፍ የተለመደ ቢሆንም የአንድ ልጅ ውጤት የሌላ ልጅ አጎት ጉዳይ አይደለም። ውጤት ለየወላጁ በግል ይላካል፣ ወይም ልጁ ብቻ በሚያውቀው መለያ ቁጥር ይወጣል። ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ በራሱ የጎግል አካውንት መክፈት አይፈቀድለትም፤ ክላስሩም የሚጠቀም ትምህርት ቤት አካውንቱን ራሱ ማዘጋጀት አለበት።

ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ውስጥ ያለ ማንኛውም ሰው ለልጁ በግል መጻፍ ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ የሚለውን ይክፈቱ፤ ስልክ ቁጥሩን ማንም እንዳያይ፣ የማያውቁት ሰውም ወደ ሌላ ግሩፕ እንዳያስገባው ማድረግ ይቻላል። ትምህርት ቤቱን ደግሞ ሊንኩን ሲቀበሉ ይጠይቁ፤ ግሩፑን የሚያስተዳድረው ማን ነው? ሰኔ ላይ ይዘጋል ወይስ የልጆቹ ፎቶ እዚያው ይቆያል?